ከንፈሩን አንሥቶ ማየት፤ የገጠር ጤና ሠራተኞችን በጥርስ ጥበቃ ስለ ማሠልጠን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ ጥርስ ጥበቃ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት ነበር። እናት በወሊድ፣ ሕፃን በሳንባ ምች በሚሞትበት ገጠር ስለ ጥርስ መናገር ትርፍ ነገር መስሎ ይታያልና። ጥቂት ቆይቼ ሳስበው ግን ይህ ኀፍረት ራሱ የችግሩ አንድ ክፍል መሆኑን ተረዳሁ። እኛ የሙያው ሰዎች ስለ ጥርስ መናገር የምናፍር ከሆነ፣ ጥርሱን የታመመው ገበሬ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ዝም ቢል ምን ያስደንቃል? ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ያለ ኀፍረት ይሆናል። የምናገረውም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን፣ በላስታ አገር በገነተ ማርያም አካባቢ በሥራ ላይ ሳለሁ ያየሁትን፣ ይልቁንም የተሳሳትሁትን ነው።

ገነተ ማርያምን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋታላችሁ። ከላሊበላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደ ተሠራች የሚነገርላት፣ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍላ ዙሪያዋን በዓምዶች የታጀበችው ቤተ ክርስቲያን ጎብኚውን ከሩቅ ትጠራለች። ጎብኚው ዓምዱንና ሥዕሉን አይቶ ይመለሳል፤ በደጀ ሰላሙ ጥግ ጉንጩን በነጠላ ጠቅልሎ የተቀመጠውን ሰው ግን ልብ አይለውም። ይህ ሰው ሦስት ሌሊት አልተኛም። ቅርንፉድ ነክሷል፤ የእንቧይ ፍሬ አጢሶ ጢሱን ወደ አፉ አስገብቷል፤ ጠበልም ተጠምቋል። ወደ ከተማ ለመውረድ አንድ ቀን፣ ለመመለስ አንድ ቀን፣ ወረፋ ለመጠበቅ ደግሞ ሌላ ቀን ያስፈልገዋል። የእርሻ ወቅት ከሆነ ሦስት ቀን ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ገበሬ ያወቀው ያውቀዋል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪብስበት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ከተማ ሲደርስ ጥርሱን ከማውጣት በቀር ምንም ሊደረግለት አይችልም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ላሊበላንና ላስታን ባዳረሰ ጊዜ ይህ መንገድ እንኳ ተዘግቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። መንገድ ሲዘጋ መድኀኒትም ሐኪምም ይቀራል። የማይቀረው ሰውየው ራሱ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀውና የሚሠራው ነገር ብቻ ነው። መከላከል የምንለው እንግዲህ የቅንጦት ትምህርት ሳይሆን፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሳይቋረጥ የሚቀረው ብቸኛው አገልግሎት ነው።

ነገሩ የላስታ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአፍ በሽታዎች እንደ ተያዘ፣ ከዚህም ውስጥ 2 ቢሊዮን ያህሉ ያልታከመ የቋሚ ጥርስ መቦርቦር እንዳለበት፣ የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረባቸው ሕፃናትም 514 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ገልጿል። ድርጅቱ ከዚያ በፊት በ2021 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉባኤ አባል አገሮች ከማከም ይልቅ ወደ መከላከል እንዲያዘነብሉና የአፍ ጤናን ከመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጋር እንዲያዋህዱ ወስኗል። ውሳኔው መልካም ነው። ነገር ግን ውሳኔ ከጄኔቭ ተነሥቶ ገነተ ማርያም የሚደርሰው በሰው እግር ነው። ያ ሰው ማን ነው? የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ስለዚህ ጥያቄ ነው።

በአገራችን ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ሳኒቴሪያን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ የተነሣበት ሐሳብ፣ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ መጠበቅ የለበትም የሚል ነበር። በአልማ አታ በ1978 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጉባኤ መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን ካወጀ በኋላም በየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ የጤና ወኪሎች ለጥቂት ወራት ሠልጥነው ነበር። እነዚህ ወኪሎች በሕዝቡ ድጋፍ ይኖራሉ ተብሎ ታሰበ፤ ድጋፉም ክትትሉም ሲሳሳ አብዛኞቹ ወደ ሞፈር ቀንበራቸው ተመለሱ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ትምህርት አለ። ሥልጠና መስጠት ቀላል ነው፤ የሠለጠነውን ሰው በሥራው ላይ ማቆየት ግን ሌላ ሙያ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ይህን ትምህርት የተጠቀመበት ይመስለኛል። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ከዚያው አካባቢ ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ የመንግሥት ደመወዝ እየተከፈላቸው ወደ ጤና ኬላ ተመደቡ። ሥራቸውም በ16 ክፍሎች ተዘረዘረ፤ መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ዕቅድና የመሳሰሉት ናቸው። ከ16ቱ አንዱም የአፍና የጥርስ ጥበቃ ተብሎ በስሙ አልተጠራም። 

የሌላውን ዓለም ምሳሌ ብንመለከት ኒው ዚላንድ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጣት ሴቶችን አሠልጥና የተማሪ ቤት የጥርስ ነርስ አድርጋ በየትምህርት ቤቱ መድባለች። የዚያን ጊዜ የጥርስ ሐኪሞች ከፊሎቹ ነገሩን ተቃውመው ነበር፤ በኋላ ግን ብዙ አገሮች አርአያነቱን ተከተሉ። የእኛ ሁኔታ ከእነርሱ የተለየ ነው፤ ቢሆንም መሠረቱ አንድ ነው። ሕፃኑ ወደ ጥርስ ሐኪሙ የማይመጣ ከሆነ፣ እውቀቱ ወደ ሕፃኑ ይሂድ የሚል ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገነተ ማርያም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የጥርስ ጥበቃ ትምህርት እንድጀምር ዕድል ባገኘሁ ጊዜ በሁለት ነገር ተሳሳትሁ። የመጀመሪያው በቃል ነው። እንደምታውቁት ሕዝባችን የተቦረቦረ ጥርስን «ትል በላው» ይላል። እኔም የሕዝቡን አነጋገር ላክብር ብዬ፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሕዝብ ስናገር፣ «ትሉ በዓይን አይታይም፤ ምግቡ ስኳር ነው፤ በመፋቂያ ጠርጋችሁ አስወጡት» አልሁ። ሕዝቡም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በጣም ደስ አለኝ። ሰው በቀላሉ ሲስማማልን ማስተዋላችን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስሕተቴ በቦታ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ከየቀበሌያቸው አንሥተን ከተማ ውስጥ አምስት ቀን አሠለጠንናቸው። አዳራሽ ነበረን፤ የመንጋጋ ቅርጽ ነበረን፤ ትልቅ የጥርስ ብሩሽም ነበረን። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ስሟን የማልጠራው፣ በትጋቷ ከሁሉም የላቀች ነበረች። የሰባት ወር ወንድ ልጅ ነበራት። አዳራሹ ለሕፃን የተመቸ ባለመሆኑና እኛም ሕፃን ይዛችሁ ኑ ብለን ባለመናገራችን፣ ልጁን ለአማቷ ትታ መጣች። ይህን ከእኛ ውስጥ አንድም ሰው አልጠየቃትም።

በአምስተኛው ቀን ማታ ቤቷ ስትገባ ልጁ ትኩሳት ይዞት፣ አፉ ደም አዝሎ አገኘችው። ጡት በማጣቱ በላምና በፍየል ወተት፣ በአጥሚት ሰንብቶ ተቅማጥ ይዞት ነበር። አያቱም የልጁን ድድ ዳስሰው፣ በክራንቻው ቦታ ነጭ እብጠት አግኝተው፣ «ግግ ነው» ብለው አስወጡለት። ያወጣችው ሴት በወስፌ ነበር የሠራችው። ልጁ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ፣ ብዙ ቀን ተኝቶ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ።

እዚህ ላይ ስለ ግግ ጥቂት ልግለጽ፤ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ቢሆንም ነገሩ ሥር አለውና። ሕፃን ከአራት እስከ ስምንት ወር ሲሆነው የክራንቻ ጥርሱ በድዱ ውስጥ ጎላ ብሎ ይታያል። ይህ ጤነኛ ምልክት ነው፤ ጥርሱ ራሱ የሚወጣው ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ገደማ ነው። ሆኖም ይኸው ዕድሜ ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ ስለዚህም ተቅማጥ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት መስሎ ታየ። ድዱ ተሰንጥቆ የሚወጣው ገና ያልጠነከረ የጥርስ ቡቃያ ለስላሳና ነጭ በመሆኑ ትል ይመስላል። ጉዳቱ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ የተረፈውም ልጅ ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ስለሚነካ ሲያድግ ጥርሱ ይጎድላል ወይም ተጣሞ ይበቅላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሕፃናት ላይ የሚደርስን ጉዳት ያስቀጣል። ሕጉ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን አያቲቱን በሕግ ከማስፈራራት በፊት ያሉትን መስማት ይገባኝ ነበር።

እኔም ነገሩን ሰምቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። በጎ መሥራቴ ነው ብዬ ልገሥጻቸው ጀመርሁ። ሽማግሊቱ አቋረጡኝና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ትል አለ ብለህ በማርያም ደጅ የተናገርከው አንተ አይደለህም? ይኸው ትሉን በዓይኔ አየሁት። ነጭ ነው። ሰባት ወልጄ አራቱን ቀብሬአለሁ፤ የቀሩልኝ ግግ የወጣላቸው ናቸው።»

ክቡራን ሆይ፣ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። መልስ የሰጠችው ምራታቸው ናት። ልጇን እያጠባች፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «እማዬ፣ ተቅማጡ የጀመረው ድዱ ሲያብጥ ነው ወይስ ጡቴን ሲያጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሊቱ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ጡትሽን ባጣ በማግሥቱ ነው» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። እኔ ከመጽሐፍ ተምሬ በአዳራሽ ውስጥ በአምስት ቀን ያልፈጸምሁትን ትምህርት እርሷ በአንድ ጥያቄ ፈጸመችው።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። የነገሩ ሰንሰለት እንዲታያችሁ ነው። እናትን ከልጇ የለየው የእኛ ሥልጠና ነው፤ መለየቱ ተቅማጡን አመጣ፤ ተቅማጡ ግግን አስጠረጠረ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተናገርሁት ቃልም ለወስፌው ምስክር ሆነ። ጥርስን ለመጠበቅ የተነሣ ሥራ የሕፃን ጥርስ አስወጣ። ከዚያ በኋላ ሥልጠናውን ከመሠረቱ ለወጥነው። የተለወጠውን ነገር በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ቦታውን ለወጥን። ሥልጠናው በጤና ኬላው፣ ለግማሽ ቀን፣ በየወሩ አንድ ጊዜ ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አያቶችም ይጠራሉ። ግግ የምታወጣውም ሴት ተጠራች። በመጀመሪያ አልመጣችም፤ በሦስተኛው ወር መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ያባረራት ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ቃሉን ለወጥን። «ትል» የሚለውን ትተን «እርሾ» አልን። ይህን ቃል ያመጣችው ያችው ሠራተኛ ናት። የላስታ ሴት ሊጥ በእርሾ እንዴት እንደሚኮመጥጥ የሚያስተምራት ሰው አያሻትም። በአፍ ውስጥም በዓይን የማይታይ እርሾ አለ፤ ስኳር ሲያገኝ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣውም ጥርስን ያሟሟል። ለዚህ ማሳያ የምትጠቀምበት የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ስትነክረው አረፋ ያወጣል፤ ሲያድርበት ይለሰልሳል። እናቶቹ ቅርፊቱን በጣታቸው ነክተው ሲያዩ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም። ንግግሩ ከሳይንሱ ጋር አይጣላም፤ ግግን የሚያጸድቅ ትልም በውስጡ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ብሩሹን ትተን ከመፋቂያ ጀመርን። በአገራችን የወይራና የክትክታ መፋቂያ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ በየገበያውም ይሸጣል። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ሲፋቅበት፣ የጀርባና የውስጥ ጥርስም ሳይዘነጋ ሲዳረስ፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ቆሻሻ ያነሣል። ጉድለቱ ሰው የሚፍቀው የሚታየውን የፊት ጥርሱን ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ «መፋቂያ ግዙ» ሳይሆን «ወደ ኋላም ፋቁ» የሚል ሆነ። የጥርስ ሳሙና፣ ሕዝቡ በጠቅላላው ኮልጌት የሚለው፣ አቅም ላለው ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ግን ፍሎራይድ ያለበት፣ ይኸውም በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ የያዘ መሆን አለበት። መጠኑ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የገብስ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ነው። ጥርሱን ያጸዳ ልጅ አረፋውን ይትፋ እንጂ አፉን በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስለ ፍሎራይድ የሚሰጠው ትምህርት ለአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ በመሳሰሉት ቦታዎች የጕድጓዱ ውኃ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ስለሚይዝ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ አንዳንድ ቦታም አጥንትን ይጎዳል። የአንዱን ክልል የሥልጠና ወረቀት ለሌላው እንዳለ መገልበጥ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። የየአገሩ ውኃ አስቀድሞ ይመርመር።

አራተኛ፣ ስለ ስኳር በግልጽ ተናገርን። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስኳር ለደጋው ገበሬ የበዓል ነገር ነበር። ዛሬ ሻይ በስኳር፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ከመኪና መንገድ በራቀ ሱቅም ይገኛል። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመቅመሱ መደጋገም ነው። ስኳር በተቀመሰ ቁጥር አፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ኮምጣጣ ሆኖ ይቆያልና። ስለዚህ የምንመክረው ጣፋጭ ነገር ከምግብ ጋር እንዲሆን፣ ልጅ ከረሜላ ይዞ እንዳይተኛ፣ በጦም ወራት ልጆችን ለማባበል የሚሰጠው ስኳር በቆሎ ወይም በዳቦ እንዲተካ ነው። ይህ ምክር አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አምስተኛ፣ ዓይንን አሠለጠንን። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ በስተ ኋላ ይበቅላል። የወደቀ ጥርስ ስላልቀደመው ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ሲቦረቦርም «ይወድቃል፣ ሌላ ይተካል» ብሎ ይተወዋል። አይተካም። ይህን አንድ ነገር ብቻ እያንዳንዱ ወላጅ ቢያውቅ ብዙ መንጋጋ ይተርፍ ነበር። ከዚህ ሌላ ሠራተኛዋ በአስቸኳይ መላክ ያለባትን ምልክቶች ታውቃለች፤ ከመንጋጋ በታች ያበጠና ትኩሳት ያለው፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ በሁለት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው አንድ ቀን ማደር የለበትም። ከሁሉ በላይ ኖማ የሚባለው በሽታ አለ። በምግብ እጥረት በተጎሳቈለ፣ ይልቁንም ከኩፍኝ በተነሣ ሕፃን ድድ ላይ ይጀምርና በጥቂት ቀን ጉንጩን ይበላል። ያልታከመው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ በመጀመሪያው ቀን ከተያዘ ግን በተራ መድኀኒትና በምግብ ይድናል። የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል መዝግቦታል። ድርቅና ረሃብ በማያጡት በላስታ ደጋዎች የሕፃን ድድ መድማቱን የምታይ ዓይን ሕይወት የምታድን ዓይን ናት።

ምናልባት አንድ ባልደረባዬ፣ «ሠራተኞቹ ቀድሞውኑ ሸክም በዝቶባቸዋል፤ ሌላ ሥራ ለምን ትጨምርባቸዋለህ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሴ፣ አዲስ የሥራ ክፍል አንጨምር የሚል ነው። ሠራተኛዋ ሕፃኑን በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ስትከትበው አጠገቧ ነው፤ ክንዱን በመለኪያው ስትለካው አጠገቧ ነው፤ እርጉዟን ስትመረምር አጠገቧ ናት። የሚጨመረው ከንፈሩን አንሥቶ ማየት ብቻ ነው። ከደቂቃ አይበልጥም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣም ሕይወት አድኑን ንጥረ ነገርና ዚንኩን ሰጥታ፣ ስለ ግግ አንድ ቃል ትናገራለች። የግግ መድኀኒቱ ተቅማጡን ማዳን ነውና።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር ጥርስ ማውጣት ይማሩ ወይስ አይማሩ የሚለው ነው። በዚህ ነገር ከማከብራቸው ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነርሱ፣ «ሕመምተኛው ከተማ አይደርስም፤ ጕጠቱን ስጧት» ይላሉ። ከሠራተኞቹም አንዷ ይህንኑ ለምናኛለች። የእኔ አቋም ማደንዘዣ፣ የተቀቀለ መሣሪያና የተለማመደ እጅ በአንድነት በማይገኙበት ጤና ኬላ ጥርስ ማውጣት አይገባም፤ ይህ በጤና ጣቢያ ለሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኰንን ይሰጥ የሚል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኀኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ሲልቨር ዲያሚን ፍሎራይድም፣ መቦርቦርን ያለ መቦርቦሪያ መኪና በመቀባት ብቻ የሚያቆም በመሆኑ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሞከር ይገባል፤ የተቀባውን ቦታ እንደሚያጠቁረው ለወላጅ አስቀድሞ ይነገር። ሆኖም አቋሜ ዋጋ እንዳለው አልክድም። ሠራተኛዋ አይሆንም ባለች ቁጥር አንዳንዱ ሕመምተኛ ወደ ወስፌዋ ይሄዳል። ስለዚህ መከላከልን የምታስተምር ሠራተኛ ባዶ እጇን መቆም የለባትም። የሕመም ማስታገሻ ይኑራት፤ የምትጽፈው የመላኪያ ወረቀትም ሲደርስ የሚነበብ ይሁን። ሕዝብ ሕመሙን የማታስታግስለትን መካሪ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ ጽሑፉ ጥቂት፣ ሥዕሉ ብዙ የሆነ አንድ ገጽ የአፍ ጤና መምሪያ በየአካባቢው አነጋገር ተዘጋጅቶ፣ በሠራተኞቹ ዘንድ ተፈትኖ ይታተም። ሁለተኛ፣ በከተማ የምንሠራ አባሎች እያንዳንዳችን ጥቂት ጤና ኬላዎችን ተከፋፍለን በየሦስት ወሩ እንጎብኝ፤ የጤና ወኪሎቹ ታሪክ እንዳይደገም ክትትል ከሥልጠናው እኩል ይቆጠር። ሦስተኛ፣ በጤና ኬላው በሚቀመጠው የቤተሰብ ፎልደር ላይ ስለ አፍ አንድ መስመር እንድትገባ ለጤና ሚኒስቴር እናመልክት። ያልተጻፈ ነገር አይታይም፤ ያልታየ ነገርም አይጠየቅም።

የሠለጠኑትን ቁጥር በሪፖርት መጻፍ ልማዳችን ነው። እኔም የመጀመሪያውን ሥልጠና በቁጥር ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ሁሉም ተገኝተው ነበርና ጥሩ ሪፖርት ነበር። በዚያ ሪፖርት ውስጥ የሰባት ወሩ ሕፃን አልተጻፈም። ዛሬ የምመዝነው በሌላ ነገር ነው፤ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን እናቱ በመጀመሪያ ወደ ማን ወሰደችው? ባለፈው ጊዜ ወደዚያ ቀበሌ ስሄድ ሽማግሊቱ የጎረቤታቸውን ሕፃን ታቅፈው ጤና ኬላው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድዱ አብጦ ነበር። ሰላም ብያቸው ለምን እንደ መጡ ብጠይቃቸው፣ «እስቲ ምራቴ ትየው ብዬ ነው» አሉኝ።

ልጃቸው የዳነው የልጅ ልጃቸው ቋሚ ጥርሶች ደህና ሆነው ይበቅሉ እንደ ሆነ ገና አላወቅንም። ቋሚ ክራንቻዎቹ በሚወጡበት ዕድሜ ከንፈሩን አንሥተን እናያለን። ያን ጊዜ የምናየው የእርሱን ጥርስ ብቻ ሳይሆን የእኛንም ሥራ ነው።